ከ«ማን ተኰሰው?» የሚቀድም ጥያቄ

ታሪክ ከሚያጓጓው ስፍራ ላይ ሲቋረጥ የሰው ልብ ዕረፍት ያጣል። ማታ በእሳት ዳር ተረት የሚነግሩ አያት «የቀረው ለነገ» ያሉ እንደ ሆነ ሕፃናቱ እንቅልፍ የሚያጡት ስለዚህ ነው። ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማም ይህንኑ ጥበብ ይዞ፣ ምዕራፉን በዘጋ ቍጥር ተመልካቹን ለብዙ ወራት በጉጉት አስሮት ይሄዳል። ነገር ግን ልብ በጉጉት ሲታሰር ሕሊና ወዴት ይሄዳል?

ለዚህ ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ «ዳላስ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ ነው። ላሪ ሃግማን የተጫወተው ጄ. አር. ዩዊንግ፣ የቴክሳስ የነዳጅ ዘይት ባለጸጋ፣ በቤቱም በንግዱም ግፈኛ ነበረ። በባዕድ አገር ያሉት የዘይት ጕድጓዶች በመንግሥት ሊወረሱ መሆናቸውን እያወቀ ለባልንጀሮቹ ሸጦ አደኸያቸው፤ ሚስቱን ሱ ኤለንንም ወደ አእምሮ ሕሙማን ማረፊያ ሊሰዳት አሰበ። መጋቢት 12 ቀን 1972 ዓ.ም. በታየው የምዕራፉ መጨረሻ ግን፣ ማታ በቢሮው ብቻውን ሳለ ማንነቱ ያልታየ ሰው ሁለት ጊዜ ተኰሰበት፤ ታሪኩም በዚያው ተቋረጠ። የተዋንያን የሥራ ማቆም አድማ ተጨምሮበት፣ ምላሹ እስከ ኅዳር 12 ቀን 1973 ዓ.ም. ድረስ ስምንት ወር ቈየ። በዚያች ምሽት በአሜሪካ ብቻ 83 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተመለከተው።

በእነዚያ ወራት በሰው ሁሉ አፍ የነበረው ጥያቄ «ይተርፍ ይሆን?» የሚል ሳይሆን «ማን ተኰሰው?» የሚል ነበረ። ያልተጠረጠረ ዘመድና ባልንጀራ አልነበረም፤ ሁሉም ተበድሎ ነበርና። ደግ ሰው ሲተኰስበት ወዳጆቹ ያለቅሳሉ፤ ክፉ ሰው ሲተኰስበት ግን ወዳጆቹ ይጠረጠራሉ።

የተመልካቹንም ልብ እንመርምር። ግፈኛው ሲወድቅ «ይበለው!» ያለው ሰው፣ ጥቂት ቈይቶ ተኳሹን አሳዳጅ ሆነ፤ የተበዳዮቹንም ነገር ረሳ። በመጨረሻ ተኳሿ ክሪስቲን፣ የሚስቱ እኅትና የራሱ ውሽማ፣ ሆና ተገኘች። ከእርሱ መፅነሷን በነገረችው ጊዜ ጄ. አር. ሳይከሳት ቀረ። ፍርድ ቤት አልቆመም፤ የተዘረፉትም አልተካሱም። ሆኖም ተመልካቹ ስም አግኝቷልና ፍርድ ያየ መስሎት ተኛ።

«ይህ ጨዋታ ነው፤ ምን ጕዳት አለው?» የሚል ይኖራል። በጨዋታ የለመደ ልብ ግን በቁም ነገርም እንደ ልማዱ ይሄዳል። በትምህርት ቤት አንድ ልጅ ጓደኛውን ቢመታ «ማን መታው?» ብለን እንቀጣለን፤ የመታው ልጅ ስንት ወር ሲሰደብ እንደ ኖረ አንጠይቅም። በመሥሪያ ቤትም ጥፋት ሲገኝ የአጥፊው ስም እንደ ተጻፈ መዝገቡ ይዘጋል፤ ጥፋቱን የወለደው አሠራር ግን ባለበት ይቀመጣል።

ይህን ማለቴ ተኳሿን ለማጽደቅ አይደለም። በገዛ እጅ መበቀል የዳኛን ሥልጣን መንጠቅ ነው። ነገር ግን «ማን?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ስም ይጠግባል፤ «ስለ ምን?» የሚለው ግን እኛንም ጭምር ይመረምራል። ምናልባት የፊተኛውን አብልጠን የምንወደው ስለዚህ ይሆናል።