ጥያቄ የማን ሐቅ ነው?

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ በሌላ ሰው ላይ ያየሁት ጥፋት አይደለም፤ እኔው ራሴ የፈጸምኩት ነው።

ቀድሞ እሠራበት በነበረ አንድ ጋዜጣ የእህል ገበያ ዋጋ የሚያሳይ ሠንጠረዥ በየሳምንቱ እናወጣ ነበር። ሥራውን አዲስ ለተቀጠረ ወጣት ሰጠሁት። ወጣቱ ሁለት ሳምንት ያህል እህል በረንዳ ከተመላለሰ በኋላ በሦስተኛው ወደ ጠረጴዛዬ መጣና «ዋጋውን ሁልጊዜ ከአንድ ነጋዴ ብቻ የምንወስደው ለምንድን ነው? ደግሞስ ነጋዴው የሚነግረንን እንጂ ገዢው የከፈለውን ለምን አንጠይቅም?» አለኝ። ገጹ ማተሚያ ቤት ሊገባ የቀረው ጥቂት ሰዓት ነበርና ቀና ብዬ እንኳ ሳላየው «ሲሠራበት የቆየ ነው፤ አንተ ሥራህን ሥራ» አልኩት። እሱም ሠራ። ከዚያ ወዲያ ሠንጠረዡ አንድም ቀን ዘግይቶ አልመጣም። እኔም «ልጁ ሥራውን ለመደ» ብዬ ደስ አለኝ።

ከወራት በኋላ ለቤቴ ጤፍ ልገዛ ራሴ እህል በረንዳ ሄድኩ። የሳምንቱ ጋዜጣ በእጄ ነበር። የተጠራልኝ ዋጋና በጋዜጣው የታተመው ፈጽሞ አልተገናኙም። ወደ ሁለተኛው መደብር አለፍኩ፤ ወደ ሦስተኛውም ሄድኩ፤ ያው ነው። አጠገቤ ቆመው ሲከራከሩ የነበሩ አንዲት እናት ጋዜጣውን አይተው «ልጄ፣ እዚያ ላይ በተጻፈው ዋጋ የሚሸጠው የትኛው ነው? አሳየኝና ልሂድ» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። እኚህን እናት ለወራት በየሳምንቱ ስናሳስት የኖርነው እኛ ነበርን። ስህተቱን ያየው ልጅ ደግሞ አጠገባችን ነበር፤ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ አንድ ጉዳይ ያብሰለስለኛል። በየመሥሪያ ቤቱ የፈጠራ ችሎታ ጠፋ፣ ሠራተኛው የማወቅ ጉጉት የለውም፣ የታዘዘውን ብቻ ይሠራል እየተባለ ይወቀሳል። ለመሆኑ ይህ ጉጉት የት ሄደ? ሊመለስ ቢፈለግስ የመመለሱ ኃላፊነት የማን ነው?

ችሎታው አለመጥፋቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሕፃን ልጅ አፉን በፈታ ማግስት «ይህ ምንድን ነው? ለምን?» እያለ ወላጆቹን ያደክማል። አድጎ ሲቀጠር ግን ይህን ጉጉቱን ከዘበኛው ዘንድ አስቀምጦ ወደ ቢሮው ይገባል። ማታ ሲወጣ መልሶ ይይዘዋል። ቀን በቢሮ በድን ሆኖ የዋለው ሰው ማታ የጎረቤቱን ቴሌቪዥን ፈታትቶ ይጠግናል፤ የሰፈሩን እድር ሒሳብ ማንም በቀላሉ በሚረዳው መንገድ አዲስ አድርጎ ያደራጃል። ስለዚህ ጥያቄው ሰውየው ማሰብ ይችላል ወይ የሚል አይደለም። ማሰብ የሚያስከፍለው የት ነው? ቢባል ይሻላል።

ብሂሎቻችንም ይህን ዋጋ ጠንቅቀው ያውቁታል። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። «በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ» እንላለን። «ጎመን በጤና» እንላለን። በእርግጥ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚል ብሂልም አለን፤ ነገር ግን ይህንን ለተማሪ እንመክራለን፣ የፊተኞቹን ደግሞ ለሠራተኛ። የሚመክሩትን ሰዎች ፈሪዎች ናቸው ብዬ አልዘልፍም። የልጆቹን እንጀራ በአንድ አለቃ ፊርማ ሥር ያደረገ ሰው ምላሱን ቢቆጥብ ምክንያት አለው። ይሁንና እህል በረንዳ የቆመ ሰው ነቀዝ ምን እንደሚያደርግ ያያል። ጆንያው ከውጭ ሲታይ ሙሉ ነው፤ ፍሬው ግን ውስጥ ውስጡን ተበልቶ ቅርፊት ሆኗል። የእኔም ሠንጠረዥ እንዲሁ ነበር። በሰዓቱ ይደርሳል፣ ጥርት ብሎ ይታተማል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ዝም አይነቅዝም የተባለው ለተናጋሪው ይሆን ይሆናል፤ ሥራው ግን ይነቅዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሠራተኞች የሚያነሱት ጠንካራ መከራከሪያ አለ። «የሚከፈለኝ ለእጄ እንጂ ለአእምሮዬ አይደለም። ብናገር እቀጣለሁ፣ ሐሳቤ ቢጠቅም ምስጋናው ለአለቃዬ ነው። ታዲያ የማሰብ ዕዳ ከየት መጣብኝ?» ይላሉ። ጉዳዩ በሠራተኛውና በአለቃው መካከል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ መከራከሪያ ይረታ ነበር። ነገር ግን በእያንዳንዱ ሥራ ውስጥ በክፍሉ ያልተገኘ ሦስተኛ ሰው አለ። በሐኪም ቤት በሽተኛው ነው፤ በፋብሪካ ዕቃውን የሚገዛው፣ በትምህርት ቤት ተማሪው፣ በጋዜጣ አንባቢው ነው። እህል በረንዳ ያገኘኋቸው እናት በዚያ ወጣትና በእኔ መካከል ስለተፈጠረው ዝምታ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን እሳቸው ናቸው። ስለዚህ የሥራ ጥያቄ የጠያቂው ጌጥ ወይም የአለቃው ችሮታ አይደለም። የዚያ ያልተገኘው ሰው ሐቅ ነው። ያየ ሰው ለሱ ሲል ይጠይቃል፤ የተጠየቀም ለሱ ሲል ይሰማል። ሥራ አማና ነው የምንለው ትርጉሙ ይህ ይመስለኛል።

ይህን ስል አንድ የታወቀ ታሪክ ትዝ ይለኛል። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚዘግቡት በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 624) የበድር ዘመቻ ላይ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሠራዊቱን በአንድ ሥፍራ ባሳረፉ ጊዜ ከአንሷሮች አንዱ የሆነው ሑባብ ኢብኑል ሙንዚር ቀረበና ጠየቃቸው። በዚህ ሥፍራ ያረፉት አላህ አዝዞዎት ነው ወይስ የጦር ስልትና የራስዎ አስተያየት ነው? የሚል ነበር ጥያቄው። አስተያየት መሆኑን በነገሩት ጊዜ ሥፍራው እንደማይስማማ፣ ለጠላት ቅርብ ወደሆነው ጉድጓድ ሄደው ውሃውን ቢይዙ እንደሚሻል አስረዳ። ምክሩ ተቀባይነት አገኘ፤ ሠራዊቱም ተነሳ። ሙስሊሞቹ ከ300 ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ቁረይሾች ደግሞ ወደ 1,000 ይጠጉ ነበር። በዚያ ቀን ውሃው በማን እጅ እንደሚሆን ቀላል ነገር አልነበረም።

የሑባብን አጠያየቅ ልብ እንበል። በመጀመሪያ ጉዳዩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለየ። የማይነካውን ትእዛዝ ከሚመከርበት ጉዳይ ሳይቀላቅል፣ ሊመከርበት የሚችል መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ የሚያውቀውን አቀረበ። የተጠየቁትስ? ከሰው ሁሉ በላይ የሚከበሩ መሪ ሆነው ሳለ የአንድ ተከታያቸውን አስተያየት ሰምተው የሠፈረ ጦር አስነሱ። ክብራቸው አልቀነሰም። ዛሬ የአንድ ክፍል ኃላፊ «የፋይሉ አቀማመጥ ቢለወጥስ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሥልጣኑ የተነካ መስሎት ፊቱ ሲለዋወጥ ሳይ ይህ ታሪክ ይገርመኛል።

በሌላ በኩል ግን ጥያቄ ሁሉ መልካም ነው ብሎ መደምደም ስህተት ነው። በሱረቱል በቀራህ የተነገረውን የላሚቱን ታሪክ አንባቢያን ታውቁታላችሁ። የሙሳ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦች ላም እንዲያርዱ ታዘዙ። የትኛዋ ናት? አሉ፤ ተነገራቸው። ቀለሟስ? አሉ፤ ተነገራቸው። አሁንም ምን ዓይነት እንደሆነች አልተለየችንም አሉ። በመጨረሻ አረዱ፤ ነገር ግን ላይሠሩት ምንም ያህል አልቀራቸውም ነበር። እነሱም ጠየቁ፣ ሑባብም ጠየቀ። ልዩነቱ ምንድን ነው? የሑባብ ጥያቄ ሥራው እንዲቃና ነበር፤ እሱም በሥራው ውስጥ ነበረ። የእነዚያ ጥያቄ ሥራውን ለማምለጥ ነበር። በየስብሰባው እጁን እያወጣ ሁለት ሰዓት የሚያባክን፣ ሥራው ሲደርስ የሚሰወር ሰው የላሚቱን ጥያቄ የሚጠይቅ ነው። አለቆችም ይህን ዓይነቱን አይተው ጠያቂን ሁሉ ቢጠሉ መነሻ አላቸው። መለያው ግን ከባድ አይደለም። ከጥያቄው በኋላ እጁ ወዴት ይሄዳል? ወደ ሥራው ነው ወይስ ከሥራው ወዲያ?

ይህ ጉዳይ የመንፈስ ምክር ብቻ እንዳይመስል ከኢንዱስትሪው ዓለም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ያጠናቀቀው የሽመና መኪና አንድ ልዩ ነገር ነበረው። ክር ሲበጠስ ራሱ ይቆማል። ቀድሞ መኪናው ክር ተበጥሶም ይሠራ ስለነበር የተበላሸ ጨርቅ ሲያመርት ይውል ነበር። የልጁ ኪይቺሮ የመኪና ፋብሪካ ቶዮታ ከተቋቋመ በኋላ ይኸው ሐሳብ ወደ ሰው ተሸጋገረ። በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ያለ ተራ ሠራተኛ ችግር ሲያይ ገመድ ስቦ እንዲያሳውቅ፣ ካልተፈታም መስመሩ እንዲቆም ተደረገ። የቆመ መስመር በየደቂቃው ገንዘብ ይበላል። ድርጅቱ ግን የተበላሸ መኪና ለገዢው ከሚደርስ መስመሩ ቢቆም ይሻላል አለ። የሠራተኞችን ሐሳብ የሚቀበል ሥርዓትም በ1951 ዘረጋ።

የዚያ አሠራር ዋና ቀያሽ የነበረው ታይቺ ኦኖ አንድ ችግር ሲገጥም «ለምን?» የሚለውን አምስት ጊዜ መጠየቅን ያስተምር ነበር። ምሳሌውም ይህ ነው። መኪናው ለምን ቆመ? ጭነት በዝቶበት ፊውዙ ተቃጠለ። ጭነቱ ለምን በዛ? ኩሽኔታው በቂ ዘይት አላገኘም። ለምን? የዘይቱ ፓምፕ በደንብ አይስብም። ለምን? የፓምፑ ዘንግ ተበልቷል። ለምን? ማጣሪያ ስለሌለው የብረት ብናኝ ገባበት። በመጀመሪያው «ለምን» የቆመ ሰው ፊውዝ ይለውጣል፤ ፊውዙም ደግሞ ይቃጠላል። አምስተኛው ላይ የደረሰ ግን ማጣሪያ ገጥሞ ነገሩን ይጨርሳል። እኔ ያንን ወጣት ያስቆምኩት በመጀመሪያው «ለምን» ላይ ነበር።

ይህ ካይዘን የተባለው ፍልስፍና ወደ ሀገራችንም መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት (ጃይካ) ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ሙከራው ተጀምሮ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የተጠቀሙበት ድርጅቶች አሉ። ነገር ግን በአንዳንድ ቦታ ከነገሩ ሁሉ የተወሰደው ማጽዳቱና ምልክት መለጠፉ ብቻ ነው። ወለሉ ተጠርጓል፣ መሣሪያው ተሰልፏል፣ ገመዱ ግን የለም። በምትኩ በኮሪደሩ ላይ የተቆለፈ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ተሰቅሏል። ቁልፉ ከማን ዘንድ እንደሆነ ጠይቁ። ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው መቼ እንደሆነም ጠይቁ። በሳጥኑ ላይ ያለው አቧራ የዚያን ቤት ዝምታ ዕድሜ ይነግራችኋል።

እንግዲህ የጠፋውን ጉጉት በሥልጠና ብዛት ወይም በግድግዳ መፈክር መመለስ አይቻልም። ሠራተኛው የሚመለከተው አንድ ነገር ነው፤ ባለፈው የጠየቀው ሰው ምን ደረሰበት? የመጀመሪያው ጥያቄ በክብር ከተሰማ አሥረኛው ይመጣል። የመጀመሪያው ከተቀጣ ወይም እንደ እኔ ቀና ሳይሉ ከታለፈ ያ ቤት ለዓመታት ጸጥ ይላል። በመሆኑም ኃላፊነቱ ከሁለቱም ወገን ቢሆንም እኩል አይደለም። ሥልጣን ያለው ይቀድማል፤ የጠያቂውን ኪሳራ መቀነስ የሚችለው እሱ ነውና። ሐሳቡን መቀበል እንኳ ባይችል ለምን እንዳልተቀበለ ይንገረው። ሐሳቡ ከሠራም የባለቤቱን ስም አይንጠቅ። ሠራተኛውም በበኩሉ እንደ ሑባብ ይጠይቅ፤ የሚመከርበትን ለይቶ፣ የሚያውቀውን ይዞ፣ እጁን ከሥራው ሳያነሳ።

ከእህል በረንዳ በተመለስኩ ማግስት ያንን ወጣት ጠርቼ የሆነውን ነገርኩት። ይቅርታም ጠየቅሁት። «ያን ጊዜ የጠየቅከኝን አሁን እንዴት እንሥራው?» አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «እንደተለመደው ይሁን፤ ችግር የለውም» አለኝ። ቁጣም ሆነ ኩርፊያ በፊቱ ላይ አልነበረም። ያ ነበር ከሁሉ ያስደነገጠኝ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ያጠፋሁትን በአንድ ይቅርታ ልመልሰው አልቻልኩም። አብሬው ለሳምንታት ገበያ ወረድኩ፤ እሱ ነጋዴውን ሲጠይቅ እኔ ገዢውን ጠየቅሁ። ከአራት ወይም ከአምስት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ «ቆይ እንጂ፣ ሚዛኑንስ ማን ነው የሚያየው?» አለኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ያን ሳምንት ሠንጠረዡ ዘገየ። በመዘገየቱ ደስ ያለኝ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

ወላሁ አዕለም።