ፍጥረትን መመልከትና ባልንጀራን ማሰብ

የደባትና የደባርቅ ተማሪ በመጽሐፍ የተማረውን ሥነ ሕይወት በዓይኑ ያይ ዘንድ ወደ ስሜን ተራራ ሲወጣ፥ በገደሉ ዋልያን፥ በሣሩ ላይም ጭላዳን ያገኛል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ፥ ዋልያም ከስሜን በቀር በሌላ ዱር አይገኙም። ሊቃውንት 22ቱን ፍጥረታት ሲቆጥሩ የምድር አራዊትንና ሰውን በአንድ ዕለት፥ በዓርብ፥ ስለሚያኖሩአቸው፥ ተማሪው የሚያየው የዕለት ጓደኛውን ነው።

ስሜን በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ነገር ግን የዋልያው ቁጥር ስላነሰ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያም የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚህ አስቀድሞ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የግጭ መንደር ገበሬዎች የአባቶቻቸውን ቀዬ ትተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ታዲያ ዋልያ ይድን ዘንድ ባልንጀራ ከቀዬው መነሣቱ ተገቢ ነውን?

ለአዳም የተሰጠው ገዥነት የእረኛ ሹመት እንጂ የወራሪ ሥልጣን አይደለምና፥ ዋልያን ማጥፋት በደል ነው። ይሁን እንጂ ስለ ፍጥረት የሚከፈለውን ዋጋ ድኻው ብቻውን ከፍሎ ሌላው አይቶና ተደስቶ ቢመለስ፥ ይህ ፍጥረትን መውደድ ሳይሆን በሰው ዕዳ መደሰት ነው። የኖኅ መርከብ እንኳ አራዊትንና ቤተ ሰብን በአንድነት ይዛለች።

እንግዲህ መምህር ለተማሪው ዋልያውን ካሳየው በኋላ፥ ከግጭ የወረዱትን አባቶችና እናቶች ደጅ ደግሞ ያሳየው፤ ኑሮአቸውን ይጠይቅ፥ ከቻለም ይርዳ። ከተራራው ያየውን አድንቆ በሜዳው ያለውን ወንድሙን የረሳ ተማሪ ትምህርቱን ገና አልፈጸመምና።