መንገደኛ ለምን ከችግረኞች ጋር ተቆጠረ?

«ከከተማ ወጣ ብሎ መምጣት አእምሮን ያድሳል» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ሐሳቡ ከእስልምና አስተምህሮ ጋር የሚጋጭ አይደለም። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል ዐንከቡትም ሆነ በሱረቱል ሐጅ ሰዎች በምድር ላይ ተጉዘው እንዲመለከቱና እንዲያስተነትኑ ያሳስባል። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ መነሳት አለበት፦ መንገድ የሰውን ልብ ወደ ሚዛኑ የሚመልሰው በምኑ ነው? በአገሩ ውበት ነውን? በዕረፍቱ ነውን?

በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛ አንቀጽ ዘካት ከሚገባቸው 8 ወገኖች መካከል መንገደኛ ይገኝበታል። ዑለማዎች እንዳብራሩት በአገሩ ሀብታም የሆነ ሰው እንኳ በመንገድ ላይ ከገንዘቡ ከተቆረጠ ዘካት ሊሰጠው ይችላል። ባለ አራት ረከዓ ሶላት ወደ ሁለት የሚያጥርለት፣ የረመዷንን ጾም ወደ ሌላ ጊዜ የሚያሸጋግረውም መንገደኛ ነው። ሸሪዓው መንገደኛን የሚያየው እንደ ጌታ ሳይሆን እንደ ደካማ ነው። በእኔ እምነት የጉዞ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው የሌላው ፈላጊ መሆኑን ያስታውሰዋል።

ይህን ጉዳይ በሐይቅና በአምባሰል ምድር በተመላለስኩባቸው ጊዜያት ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ለሚደርስ የከተማ ሰው ውኃው ዕረፍት ነው፤ ታንኳ ለሚቀዝፈው ዓሣ አጥማጅ ግን የዕለት ጉርሱ ነው። አካባቢው በ2014 ዓ.ም. ጦርነት አልፎበታል። እኛ ጸጥታ ፍለጋ የምንሄድበት መንደር ነዋሪው ሐዘኑን ይዞ የሚኖርበት ነው። እንደዚያም ሆኖ እንግዳ ሲመጣ ቡናው ይፈላል፣ ዱዓው ይደረጋል። ልቤ ሲረጋ የተሰማኝ ውኃውን ሳይ አልነበረም፤ ከእኔ የባሰ የደረሰበት ሰው «አብሽር» ብሎ ሲያጽናናኝ ነው።

ወሎ ይህን ከጥንት ያውቀዋል። ደረሳው ለፊቅህ ወደ አንዱ ሸህ፣ ለነሕው ወደ ሌላው በእግሩ ይሄድ ነበር፤ የሚበላውንም ከመንደሩ ሰው እጅ ያገኛል። እውቀቱንና ትሕትናውን አንድ ላይ ይማር ነበር ማለት ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ለመማር ተማሪዎች ከሩቅ ይመጡ እንደነበር ይታወቃል።

ከሐይቅ ወደ ወልድያ ሲኬድ ደግሞ የአምባሰሏ ውጫሌ ትገኛለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በስሟ የተጠራው ውል በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መገናኘት እንደምትችል ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ጠቡ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደረሰ። እርግጥ ነው፣ ያ የመንግሥታት ጉዳይ ነው፤ ተንኮልም ነበረበት። ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት ግን አለ። የራሱን ቅጂ ብቻ የሚያነብ ሰው ነገሩን ሁሉ ያወቀ ይመስለዋል። ጉዞ ማለት የሌላውን ቅጂ ማንበብ ነው።

ውድ አንባቢያን! ምቾቱን ሁሉ ጭኖ የሚሄድ፣ ሰውን ሳይሆን መልክዓ ምድርን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ቦታ ለወጠ እንጂ አልተጓዘም። በአንጻሩ ገንዘብ ያጠረው ወይም የመንገዱ ሰላም ያሳሰበው ሰው ከዚህ በረከት ተከልክሏል ማለት አይደለም። ለዓመታት ሰላምታ ብቻ የተለዋወጠውን ጎረቤቱን ደጅ ያንኳኳ፤ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ያዳምጥ። ያም መንገድ ነው፤ ስንቁም ጥቂት ትሕትና ብቻ ነው።

ወላሁ አዕለም።