ፈረሱን መውጋት ነውር ነው?

በእግሩ የቆመ ሰው ፈረሰኛውን ትቶ ፈረሱን ቢወጋ ነውር ነው ወይ?

ጥያቄው የመጣብኝ ከቪዲዮ ጌም ነው። «ማውንት ኤንድ ብሌድ፦ ዋርባንድ» እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ የቱርክ ባለሙያዎች የሠሩት የመካከለኛው ዘመን የጦርነት ጨዋታ ነው። ፈረሰኛው ሜዳውን እንደ ግል ርስቱ ይጋልብበታል። ፈረሱ ፍጥነት ሲይዝ ረጅሙ ጦር ብብቱ ሥር ገብቶ ይጸናል፤ የነካው ሰው አለቀለት ማለት ነው። ሮጦ ማምለጥ የለም። ለእግረኛው የሚሻለው ረጅም ጦር ይዞ ፊት ለፊት መቆም፣ በሰዓቱም መሰንዘር ነው። ጦሩ ፈረሱን ከፊት ካገኘው ፈረሱ በኋላ እግሩ ይቆማል፤ ፍጥነቱም እዚያው ያበቃል። ከዚያ በኋላ ጌታው እንደ ማናችንም ሰው ነው።

እኔ ሁሌም እግረኛ ነኝ። አንድ ቀን እንዲህ አድርጌ የጣልኩት ተጫዋች «ፈረስ መግደል የፈሪ ሥራ ነው፤ እንደ ወንድ ግጠመኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ከደቂቃ በፊት ግን ከሌላ ሰው ጋር ስፋለም ከኋላዬ ሊወጋኝ የመጣው እሱው ነበር!

«እንስሳው ምን በደለ?» ቢለኝ ኖሮ፣ ስለ እውነተኛ ፈረስ ብናወራ፣ እሰማው ነበር። ለፈረሱ ያዘነ ሰው ግን መጀመሪያውኑ ወደ ጦር አይነዳውም። እሱን ያሳዘነው የበላይነቱ መውደቁ ነው።

ክብር የሚባለውን ሕግ ማን እንዳወጣው ቃሉ ራሱ ይናገራል። እንግሊዞች የባላባት ጨዋነትን «ሺቫልሪ» ይሉታል፤ ሥሩ «ፈረስ» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። በእኛም አገር ታላላቆቹ የሚወደሱት በፈረስ ስማቸው ነው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ፈረስ የሌለው የፈረስ ስም የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1302 ኮርትራይክ ላይ የፍላንደርስ ሸማኔዎችና ሌሎች ባለእጆች በእግራቸው ቆመው የፈረንሳይን ፈረሰኞች ድል አደረጉ። በዘመኑ ልማድ የተማረከ ባላባት ካሳ ከፍሎ ይለቀቃል፤ ተራው እግረኛ ግን ማን ይዋጀዋል? ሕጉ ያላዳነውን ሰው «ሕጉን አክብር» ማለት ይከብዳል። አንድ ደንብ ፍትሐዊ የሚሆነው ከፈረስ ወርደንም ስንቀበለው ነው። ስለዚህ ፈረሱን መውጋት ነውር አይደለም እላለሁ።

እዚያው ኮርትራይክ ላይ ግን የማልቀበለው ነገር አለ። አሸናፊዎቹ ከፈረስ የወደቁትንም አልማሩም፤ የሟቾቹን የወርቅ መኮርኮሪያ ሰብስበው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰቀሉት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ ነው። በደላቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ፈረሱን የመውጋት መብቴ የመጣው እኩል ካለመሆናችን ነው። ሰውዬው መሬት ሲነካ ያ ምክንያት ያበቃል።

ስለዚህ ፈረሰኛ ስጥል ተነሥቶ ሰይፉን እስኪይዝ እጠብቀዋለሁ። አንዳንዴ ተነሥቶ ይገድለኛል። ይሁን፤ ቢያንስ በዚያች ሰዓት ሁለታችንም በእግራችን ነን።