ደዌ ያለበት ሰው ድውያንን ሊያገለግል ይገባዋልን?

በቤተ ሰብ መካከል የታመመ ሰው ሲኖር ፍቅር በሁለት መንገድ ይገለጣል። አንደኛው መንገድ ለታመመው መኝታ ማንጠፍ፣ ምግብ ማቅረብና መድኃኒት መግዛት ነው፤ ይህም መልካምና የሚመሰገን ነው። ሁለተኛው መንገድ ግን ከዚህ አልፎ፣ የታመመው ሰው ራሱ ለባልንጀራው ምን ሊሰጥ እንደሚችል መጠየቅና የሚሰጥበትን በር መክፈት ነው። የመጀመሪያውን ብዙዎች ይፈጽሙታል፤ ሁለተኛውን የሚያስቡት ግን ጥቂቶች ናቸው። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ይኸውም፣ ከሰውነቱ የማይለቅ ደዌ ያለበት ሰው ሌሎችን ድውያን ለማገልገል ቢነሣ፣ ዘመዶቹም ቢከለክሉት፣ ምን ማድረግ ይገባዋል? የሚል ነው።

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ በምሳሌ እናስቀምጠው። አንዲት ወጣት ከልጅነቷ ጀምሮ የስኳር በሽታ አለባት እንበል። በልጅነት የሚጀምረው ይህ በሽታ፣ ቆሽት የሚባለው የሆድ ዕቃ ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም ማመንጨት ሲያቆም የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ልጅቱ ዕለት ዕለት ኢንሱሊን በመርፌ መውሰድ፣ ምግቧንም በመጠንና በሰዓት መመገብ ግዴታዋ ነው። ይህች ልጅ ትምህርቷን ፈጽማ በነርስነት ሙያ በዲግሪ ለመመረቅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ታስባለች። እናቷ ግን «አንቺ ራስሽ ጠባቂ የምትፈልጊ ልጄ፣ ሌሊት ቆመሽ ስታድሪ ብትወድቂ ማን ያነሣሻል?» ትላታለች። አጎቷ «የሰው ቍስል ለማጠብ ይህን ያህል ዓመት መማር ምን ክብር አለው?» ይላል። አክስቷ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «በሽታሽን አገር ካወቀው ማን ያገባሻል? ዐርፈሽ ተቀመጪ» ትላለች። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ድምፆች ተሰሙ፤ የመጀመሪያው የፍርሃት፣ ሁለተኛው የንቀት፣ ሦስተኛው የኀፍረት ድምፅ ነው። መልሳቸውም አንድ ዐይነት አይደለምና ለየብቻቸው ልናያቸው ይገባናል።

ከኀፍረቱ እንጀምር። ደቀ መዛሙርት ዐይነ ስውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የማን ኃጢአት እንደ ሆነ ጌታችንን በጠየቁት ጊዜ፣ የእርሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ ነግሮ ያን አሳብ ዘግቶታል። ደዌን እንደ ነውር የሚቈጥር ቤተ ሰብ ግን ጌታችን የዘጋውን በር መልሶ ይከፍታል። ከዚህም በላይ መደበቅ ይገድላል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ስለዚህ ነው። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ በጥር ወር 1922 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ይህ በሽታ የያዛቸው ሕፃናት ብዙም ሳይቈዩ ይሞቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን አድገው፣ ተምረው፣ ወልደው ለመክበድ የበቁ ብዙዎች ናቸው። የሞት ፍርድ የተነሣለትን ሰው በኀፍረት እስራት ማኖር እንዴት ያለ ፍርድ ነው?

ወደ ንቀቱ ስንመጣ፣ የሰውን ቍስል ማጠብ ውርደት መስሎ የሚታየው የአገልግሎትን ክብር ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው። በጸሎተ ሐሙስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው ማን እንደ ሆነ ለካህናትና ለምእመናን ማስታወስ አያስፈልግም። በአገራችንም ታሪክ ቢሆን፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን በእንግሊዝ አገር ሳለች በለንደን በሕፃናት ሆስፒታል የነርስነትን ሙያ ተምራለች። ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ብዙ ሳትቈይ በ1942 ዓ.ም. በነቀምት ዐርፋለች፤ በአዲስ አበባም ለመታሰቢያዋ ሆስፒታል በስሟ ተሰይሞ ነበር። የንጉሥ ልጅ የሕመምተኛን ገላ ለማጠብ ካላፈረች፣ አጎት ስለ ምን ያፍራል?

የእናቲቱ ፍርሃት ግን ከእነዚህ ሁለቱ ይለያል። እርሱ ከፍቅር የተወለደ ስለ ሆነ በተግሣጽ ሊመለስ አይገባውም። ሆኖም ፍቅር የወለደው ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። እናቲቱ የታመመ ሰው ለታመመ ሰው አይጠቅምም ብላ ታስባለች፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ግን ይህን አይመሰክርም። የፊልጵስዩስ ምእመናን ቅዱስ ጳውሎስን በእስራቱ እንዲያገለግል የላኩት አፍሮዲጡ በአገልግሎቱ መካከል ለሞት እስኪደርስ ታሞ ነበር። ሐዋርያው በመለሰው ጊዜ ስለ ድካሙ አልነቀፈውም፤ ይልቁንም እንደ እርሱ ያሉትን እንዲያከብሩ ምእመናኑን አዘዘ። እንዲሁም የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ዕድሜውን ሁሉ ሰውነቱ የደከመ ሰው ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት ከከተማው አጠገብ ለድኆችና ለሕሙማን ያሠራው ቤት እስከ ዛሬ ይወሳል። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ሲመሰክር፣ ባስልዮስን ወደ ሕክምና ዕውቀት ያደረሰው የራሱ ሕመምና ለሕሙማን ያለው አሳብ እንደ ሆነ ተናግሯል። ደዌው ከትምህርቱ አላገደውም፤ መምህር ሆነው እንጂ።

ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ውጭም ምሳሌ አለ። እንግሊዛዊቱ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1845 ዓ.ም. በሐኪም ቤት አስታማሚነት ልትሠለጥን በጠየቀች ጊዜ ወላጆቿ ፈጽመው ከለከሏት፤ በዚያ ዘመን ሥራው የተናቀ ነበርና። እርሷም ወላጆቿን ሳትሳደብ፣ አሳቧንም ሳትተው ብዙ ዓመት ታገሠች። በ1851 ዓ.ም. በጀርመን አገር በካይዘርስቬርት ሠለጠነች፤ በ1854 ዓ.ም. ሌሎች ሴቶችን አስከትላ ወደ ክራይሚያ ጦርነት ቍስለኞች ዘመተች። ከዚያ ዘመቻ ከተመለሰች በኋላ ግን ራሷ በጽኑ ሕመም ተያዘች፤ ከ1857 ዓ.ም. ጀምሮም ብዙውን ዘመኗን በአልጋ ላይ አሳለፈች። በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በስሟ የነርሶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1860 ዓ.ም. ነውና፣ ይህ ሁሉ የሆነው በታመመች ጊዜ ነው። በእግሯ ቆማ ማገልገል ባቃታት ጊዜ በብዕሯ አገለገለች። ከዚህ የምንማረው፣ ደዌ የሥራን ዐይነትና መጠን ይወስናል እንጂ ሰውን ከአገልግሎት ሁሉ እንደማያወጣው ነው።

እዚህ ላይ «አባትህንና እናትህን አክብር የተባለው ትእዛዝ ወዴት ይደረጋል?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ታላቅ ነው። ነገር ግን ማክበርና በፍርሃታቸው መታሰር አንድ አይደሉም። ወላጅ ኃጢአትን ቢከለክል መታዘዝ ይገባል፤ አደጋን ቢያመለክት ማዳመጥና መመርመር ይገባል፤ በጎ ሥራን ስለ ሰው አፍ ብሎ ቢከለክል ግን፣ ልጅ በትሕትና አሳቡን አስረድቶ በጎውን ቢሠራ ወላጁን አላዋረደም። ማዋረድ ማለት መሳደብ፣ መዋሸት፣ በእርጅናም ጊዜ መተው ነው። ልጅቱ ለእናቷ የምትሰጠው እውነተኛ ክብር ፍርሃቷን ንቆ ማለፍ ሳይሆን ለፍርሃቷ በተግባር መልስ መስጠት ነው።

መልሱ ምንድር ነው? በዚህ ነጥብ ላይ ልጅቱንም ልንመክራት ይገባናል፤ ድካሟን አዝነን እውነቱን ብንደብቅባት አልወደድናትምና። የደም ስኳር ከልክ በታች በወረደ ጊዜ ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አሳብም ይደናገራል። ነርስ በእንዲህ ያለች ሰዓት ለሌላው ሰው መድኃኒት ብትለካ ልትሳሳት ትችላለች፤ ስሕተቷንም የሚከፍለው አልጋ ላይ የተኛው ነው። ስለዚህ መርፌዋን ማስታጐል፣ ምግቧን መዝለል፣ በሽታዋንም ከአለቃዋ መደበቅ ትጋት ሳይሆን በባልንጀራ ላይ የሚሠራ በደል ነው። ለባልደረቦቿ ትንገር፤ ስኳር ያለበት ነገር ከኪሷ አይጥፋ፤ የምትበላበትንም ሰዓት ሳታፍር ትጠይቅ። የሌሊት ተራ ከአቅሟ በላይ መሆኑን ሐኪሟ ቢነግራት ትስማ። የነርስነት ትምህርት ወደ አንድ ክፍል ብቻ አያስገባም፤ በጤና ጣቢያ እናቶችን መምከር፣ ሕፃናትን መከተብ፣ ተማሪዎችን ማስተማርም የዚሁ ሙያ ሥራ ነው።

ለዚህም የካህናት ድርሻ አለበት። ይህች ልጅ ወደ ነፍስ አባቷ ቀርባ «አባቴ፣ በጾም ሰዓት ልብላን?» ብላ ብትጠይቅ፣ ፍትሐ ነገሥት በጾም አንቀጹ ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ነጻ እንዳደረገ ሳይሸሽግ ይንገራት። «ጸበል ከጀመርሽ መርፌውን ተዪ» የሚል ዘመድ ቢነሣም፣ ካህኑ ዝም አይበል። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራልና፣ ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ሊጥል አይገባውም። ኢንሱሊን የተወ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ በዚህ ነገር የሚሰጥ ምክር የነፍስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥጋም ሕይወት ያለበት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ዘመዶችንም አንድ ነገር እንጠይቃቸው። «ስለ አንቺ ብለን ነው» ስትሉ፣ በእውነት የምታሳርፉት እርሷን ነውን? ወይስ የራሳችሁን ልብ? ልጅቱ በቤት ብትቀመጥ እናንተ ከሥጋት ታርፉ ይሆናል፤ እርሷ ግን ዕድሜዋን ሁሉ እየተቀበለች ብቻ እንድትኖር ትፈርዱባታላችሁ። ዘወትር የሚቀበልና ምንም እንዳይሰጥ የተከለከለ ሰው፣ እንጀራው ቢትረፈረፍ እንኳ፣ ከድኆች ሁሉ የባሰ ድኃ ነው። ልትረዷት ከወደዳችሁ መንገዱ ቅርብ ነው፤ በፈተና ሰሞን ምግቧን በሰዓቱ አቅርቡላት፣ ለመድኃኒቷ የሚያስፈልገውን አዋጡ፣ ደክሟት በመጣች ጊዜም «አላልንሽም?» አትበሏት። ይህች አንዲት ቃል ከበሽታው ይልቅ ብዙዎችን ከመንገድ ያስቀረች ናት።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለጠየቅነው መልሳችን ይህ ነው። ደዌ ያለበት ሰው ድውያንን ሊያገለግል ይገባዋል፤ የሚገባውም ደዌውን ሳይክድ፣ ሳይደብቅና ራሱን ሳይጥል ሲያገለግል ነው። በሌሊት ለሕመምተኛ መርፌ የምትወጋ፣ ቀድማም ለራሷ የወጋች ነርስ፣ መርፌው እንዴት እንደሚያም ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። ይህን ዕውቀት በገንዘብ የሚገዛው የለም። ስለዚህ ከእርሷ የምትጠበቀውን ጥንቃቄ እየጠየቅን፣ ልትሰጠን የመጣችውን አገልግሎት ግን አንከልክላት። ለደካሞች ኃይል የሚሆን አምላክ ለእርሷ ብርታትን፣ ለዘመዶቿም ማስተዋልን ይስጥልን።