የሚጠየቀውን መምህር ማን ይጠይቀው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን ስንማር የሁላችን ዓይን የሚያርፈው ከፊታችን በቆመው አስተማሪ ላይ ነው። ጥያቄ ያለው እርሱን ይጠይቃል። ከወላጆቹ የተጣላ፣ ፈተና የወደቀ፣ ሱስ የያዘው፣ ተስፋ የቆረጠ ወጣት ሁሉ ከጉባኤው በኋላ ለብቻው የሚያነጋግረው እርሱን ነው። ይህ አስተማሪ ግን መልአክ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ በጥቂት ዓመታት የሚበልጥ፣ እርሱም ሥራ የሚፈልግ፣ እርሱም እናቱ የታመመችበት ወጣት ነው። እንግዲህ ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ይህ ነው፤ ሁሉ የሚጠይቀውን መምህር፣ እርሱን ራሱን ማን ይጠይቀው?

ይህን ስንል የምናስበው በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩትን ብቻ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ በግቢ ጉባኤ ታናናሾቻቸውን የሚመሩ፣ በትምህርት ቤትና በወጣት ማእከል ስለ ራስን መግዛት፣ ስለ ትዳር ዝግጅት፣ ከሱስ ስለ መላቀቅ ሥልጠና የሚሰጡ ሁሉ በዚህ ውስጥ አሉ። ሥራቸው አንድ ነው፤ የሌላውን ሰው ሕይወት ማነጽ። ድካማቸውም አንድ ነው።

በመጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ነገር ምን እንደሚያስተምረን እንመልከት። እስራኤል ከአማሌቅ ጋር በተዋጋ ጊዜ ሙሴ በኮረብታው ራስ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ (ዘጸ. 17)። እጁ ሲነሣ ሕዝቡ ድል ያደርጋል፤ እጁ ሲወርድ ይሸነፋል። ሙሴ ከእግዚአብሔር ጋር የሚነጋገር ነቢይ ነበረ፤ ነገር ግን ክንዱ ዛለ። እግዚአብሔርም የሙሴን ክንድ የብረት ክንድ አላደረገለትም፤ ይልቁንም አሮንና ሖርን በቀኙና በግራው አቆመለት። እነርሱም ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ ፀሐይ እስክትገባ ድረስም እጆቹን ደገፉ። ልብ እንበል! የሙሴ እጅ መዛል ኃጢአት ተብሎ አልተቈጠረበትም። በሜዳ ላይ የነበረው ወጣቱ ኢያሱም ያሸነፈው በኮረብታው ላይ ሁለት ሰዎች አንድን የደከመ ሰው ስለ ደገፉ ነው። መምህሩ ሲደገፍ ተማሪው ያሸንፋል።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስም ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ አንድ አንድ አድርጎ አልላካቸውም፤ ሁለት ሁለት አድርጎ ነው እንጂ (ማር. 6)። በተመለሱም ጊዜ ያደረጉትንና ያስተማሩትን ሁሉ ነገሩት። እርሱም ሌላ ሥራ አልጨመረባቸውም፤ ምግብ እንኳ ለመብላት ጊዜ አጥተው ነበርና ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ብለው እንዲያርፉ አዘዛቸው። በዚህ አንድ ምዕራፍ ውስጥ ለአገልጋይ የሚያስፈልጉ ሦስት ነገሮች ተሠርተው እናገኛቸዋለን፤ ጓደኛ፣ የሚሰማ ጆሮና ዕረፍት።

ሁለተኛ፣ ሩቅ ሳንሄድ በየቀኑ ከምናየው ከጣና ዳር እንማር። ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣውን ታንኳ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ በዚህም ሙያ የወይጦ ወገኖቻችን የታወቁ ናቸው። አንዲት የደንገል ዘንግ ሰው ልትሸከም ቀርቶ ጎንበስ ቀና የምትል ደካማ ነገር ናት። ብዙ ሆና በገመድ ስትታሰር ግን ሰውንም ሸክሙንም ይዛ ማዕበሉን ትሻገራለች። ሌላም ትምህርት አለበት። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንከኛው ከአገልግሎት በኋላ ታንኳውን ከውኃው አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ሳይደርቅ ውሎ የሚያድር ታንኳ እየከበደ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ይበሰብሳል።

የመምህርም ነገር እንዲሁ ነው። የሌላውን እንባ ሲሰማ የዋለ ሰው ውኃ ጠጥቶ ይመለሳል። ይልቁንም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተስፋፋው ግጭት ምክንያት ወደ ጉባኤ ከሚመጡት መካከል ወንድሙን የቀበረ፣ ከቀዬው የተፈናቀለ፣ ትምህርቱ የተቋረጠበት ወጣት አለ። አስተማሪው ይህን ሁሉ ሰምቶ ማታ ብቻውን ወደ ቤቱ ይገባል። ጠዋት ደግሞ ሌላ ይሰማል። ከጥቂት ወራት በኋላ መጀመሪያ ይዘገያል፤ ቀጥሎ ይቀራል፤ ከዚያም ጨርሶ ይጠፋል። እኛም «እገሌ ቀዘቀዘ» እንላለን። ቀዘቀዘ ከማለታችን በፊት ማን ወደ ፀሐይ አወጣው?

ሦስተኛ፣ ይህ መደጋገፍ ከውጭ የመጣ አዲስ ፈሊጥ እንዳይመስለን የአባቶቻችንን ሥርዓት እናስታውስ። በጣና ገዳማትን ያቀኑ አባቶች፣ አቡነ ኂሩተ አምላክ በዳጋ፣ አቡነ ዘዮሐንስ በክብራን፣ አቡነ በትረ ማርያም በዘጌ፣ የየራሳቸው ቦታ ነበራቸው። ትውፊታችን ግን ከባልንጀሮቻቸው ጋር አንድ አድርጎ «ሰባቱ ከዋክብት» ይላቸዋል። በአንድነት ገዳምም መነኮሳቱ ሥራቸውም ማዕዳቸውም የጋራ ነው። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶችም መሪጌታው ብቻውን ሁሉን አያደርስም፤ የበረታው ተማሪ የታናሹን ቅኔ እየሰማ ያርማል።

ቅርብ ጊዜም ምሳሌ አለን። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ በተላኩ ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ርቀው፣ ነገ ምን እንደሚገጥማቸው ሳያውቁ፣ በአንድነት እየጸለዩ እርስ በርሳቸው ተበረታቱ። ከዚያ መበረታታት በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ። በከተማችንም ዛሬ «ፔዳ» የምንለው ግቢ በ1960ዎቹ ሲቋቋም መምህራንን የሚያስተምሩ መምህራን ይወጡበት ዘንድ ነበረ። አስተማሪም አስተማሪ እንደሚያስፈልገው ከተማችን ከቀድሞ ታውቀዋለች ማለት ነው።

የጽዋ ማኅበራችንንም ተመልከቱ። በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የቀረ ይጠየቃል፤ የታመመ ይጎበኛል፤ ያዘነ ይጽናናል። የማኅበሩን መሪ «ሙሴ» እንለዋለን። ስሙን ስንሰጠው ግን አሮንና ሖርንም ልንሰጠው ይገባናል።

ምናልባት «አስተማሪ ድካሙን ከገለጠ ተማሪው ይሰናከላል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሁሉ ነገር በሁሉ ፊት አይነገርም። ነገር ግን ለተማሪ የማይነገር ለባልንጀራ ይነገራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ (1ኛ ነገ. 19) እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ አብልቶ አጠጥቶ አስተኛው፤ ብቻውን እንዳልቀረም ነግሮ ኤልሳዕን ሰጠው። «ጸሎት ይበቃል» የሚልም ቢኖር፣ የኤልያስ የጸሎቱ መልስ ባልንጀራ እንደ ነበረ ያስተውል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለውይይት እንዲሆነን የሚከተለውን እናቀርባለን።

1ኛ. በየአጥቢያው የምናስተምር ሁሉ በወር አንድ ቀን እንሰብሰብ። ይህ የሪፖርት ስብሰባ አይሁን። አጀንዳው አንድ ጥያቄ ብቻ ይሁን፤ «በዚህ ወር ምን ከበደህ? ምን ከበደሽ?» አንዱ ሲናገር ሌላው ለመምከር አይቸኩል፤ አስቀድሞ ይስማ።

2ኛ. ምሥጢር ይጠበቅ። ወጣቱ የነገረንን ለባልንጀራችን ስንናገር ስሙንና ቤቱን አንጥራ። ይህ ማኅበር የንስሐ አባትን አይተካም፤ ንስሐ ለካህን ነው። ከአቅማችን በላይ የታወከ ሰው ሲገጥመንም ወደ ካህንም ወደ ሐኪምም እናድርሰው እንጂ ብቻችንን አንያዘው።

3ኛ. መተራረም በፍቅር ይሁን። አጵሎስ አንደበተ ርቱዕ ሰባኪ ነበረ፤ የሚያውቀው ግን የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር (ሐዋ. 18)። አቂላና ጵርስቅላ በሰሙት ጊዜ በጉባኤ አላሳፈሩትም፤ ወደ ራሳቸው ወስደው መንገዱን አቃንተው አስረዱት። አጵሎስም ከዚያ በኋላ ለብዙዎች ጠቃሚ ሆነ። እኛም የባልንጀራችንን ስሕተት ከደጀ ሰላም ወሬ አናድርገው።

4ኛ. ሁለት ሁለት ሆነን እናስተምር፤ ደብተራችንንም እንለዋወጥ። አንዱ ሲታመም፣ ሲፈተን ወይም ሲወልድ ሌላው ትምህርቱን ካቆመበት ይቀጥላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነውና።

5ኛ. ዕረፍት የወሰደ አገልጋይ እንደ ከዳተኛ አይታይ። ታንኳው ዳር ላይ ቆሞ ሲደርቅ ሥራ ፈታ አንለውም።

እናንተ የምትማሩ ታናናሾቻችንም ድርሻ አላችሁ። በሚመጣው እሑድ ጥያቄያችሁን ከመጠየቃችሁ በፊት «መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? እናትዎ ተሻላቸው?» በሉ። መልሱንም ቆማችሁ ስሙ። ለሦስት ሳምንት የጠፋ አስተማሪ ካለ ስሙን በጸሎታችሁ አስቡ፤ ጸሎቱንም ፈጽማችሁ እግራችሁን ወደ ቤቱ አንሡ። ቆሎም ቢሆን ይዞ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አልሄደም።

የሙሴን ክንድ በአሮንና በሖር የደገፈ አምላክ የእኛንም መምህራን ይደግፍልን፤ እኛንም አንዱ ላንዱ ድጋፍ ያድርገን። የጣና ቅዱሳን አባቶቻችን ጸሎት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።