የተዘጋ ክስ፣ የተከፈተ መዝገብ
በስዊዘርላንድ የፕሮቴስታንት ተሐድሶን የተቀበሉ ከተሞች የጳጳሱን ፍርድ ቤት ሲተዉ የጋብቻንና የምግባርን ጉዳይ የሚያይ ሌላ ችሎት ማቆም ነበረባቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1525 በዙሪክ ተመሠረተ፤ ዳኞቹ ሁለት ሰባክያንና አራት የከተማው ምክር ቤት አባላት ነበሩ። በርን ተሐድሶን በተቀበለችበት በ1528 ኮርጌሪኽት የሚባለውን ችሎት አቋቋመች፤ ይኸው ሥርዓት ወደ ገጠሩም ዘልቆ ፓስተሩና የመንደሩ ሽማግሌዎች አንድ ላይ የሚዳኙበት የደብር ችሎት ሆነ። ጄኔቫ በ1541 በዣን ካልቪን መሪነት በወጣው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ኮንሲስትዋር የተባለውን ጉባኤ አቆመች። ሰባክያኑና 12 ሽማግሌዎች ሐሙስ ሐሙስ ይሰበሰቡ ነበር።

እነዚህ ችሎቶች ያልገቡበት የኑሮ ጓዳ የለም ማለት ይቻላል። ስብከት የቀረ፣ የጨፈረ፣ የሰከረ፣ የተሳደበ፣ ሚስቱን የመታ፣ የጋብቻ ቃል ሰጥቶ የካደ ሁሉ ተጠርቶ ይቆማል፤ የተናገረውም ይጻፋል። በጄኔቫ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተጠሩ ሰዎች አባታችን ሆይንና ጸሎተ ሃይማኖትን በራሳቸው ቋንቋ እንዲያደርሱ ይጠየቁ ነበር። ከልጅነታቸው የለመዱትን የላቲን ጸሎት ብቻ የሚያውቁ አረጋውያን ሲደናቀፉ ጸሐፊው መዝግቧል።

የትውልድ ሐረጉን ለሚቆጥር ሰው ይህ ትልቅ ሀብት ነው። የጥምቀት መዝገብ የሚሰጠው የሕፃኑን፣ የወላጆቹንና የክርስትና አባትና እናቱን ስም ነው፤ ሰውየው ግን ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበር አይናገርም። የችሎቱ መዝገብ የአገልጋይን፣ የመበለትን፣ የእረኛን አነጋገር ሳይቀር ይዟል። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው አልጻፉም፤ ታሪክ ጸሐፊም አልጻፈላቸውም። ድምፃቸው የተረፈው ስለ ተከሰሱ ነው። የሃይማኖትና የሕሊና ጥያቄም የሚነሣው ከዚሁ ነው፤ ለንስሐ የተነገረ ቃል ከ400 ዓመት በኋላ ለዘር ቆጠራ ሲነበብ ምን ይሆናል?

ለነፍስ አባት በጆሮ የሚነገር ኑዛዜ በጽሑፍ አይቀመጥም። የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ያን የምስጢር ኑዛዜ ስትተው ኃጢአትን የማኅበሩ ጉዳይ አደረገችው፤ የማኅበሩ ጉዳይ ከሆነም ቃለ ጉባኤ ይያዝለታል። ስለዚህ ዘሩን ፈልጎ መዝገቡን የሚከፍት ሰው የሰበረው የምስጢር ማኅተም የለም። የሚያነበው ግን በፍርሃት የተነገረ ቃል ነው።

ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ከጋብቻ ውጭ በተወለዱ ሕፃናት ጉዳይ ነው። በስዊስ ሥርዓት የእያንዳንዱ ሰው መሠረት ሃይማቶርት የሚባለው የቤተሰቡ የዜግነት መንደር ነው፤ ይህም የትውልድ ቦታው ሳይሆን በዚያ ዘመን ከአባት ይወረስ የነበረ መንደር ነው። ድሃ ሲቸገር ይጦረው የነበረው ይኸው መንደር ስለሆነ የሕፃኑ አባት ማን እንደ ሆነ ማወቅ የገንዘብ ጉዳይም ነበር። በዚህ ምክንያት ያላገባች ሴት ምጥ ላይ ሳለች በአዋላጅና በሽማግሌዎች ፊት የአባቱን ስም እንድትናገር ትጠየቅ ነበር። በሞት አፋፍ ያለ ሰው አይዋሽም የሚል እምነት ነበራቸው። ስሙ ከዚያ ወደ ችሎቱ፣ ከችሎቱ አንዳንዴ ወደ ጥምቀት መዝገቡ ይተላለፋል፤ ዛሬ የአንድ ቤተሰብ ሐረግ በዚያ አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ሊገኝ ይችላል።

ሥቃይ ግን እውነትን ብቻ አያናግርም። የተጠራው ሰው ብዙ ጊዜ ይክዳል፤ ምስክር ይቆጠራል፤ አንዳንዱ በመሐላ ይለቀቃል። ከዚያች ሴት አፍ የወጣው ስም ባለጠጋውን ጌታ ለማዳን ወይም የምትወደውን ለመሰወር የተባለ ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ በሐረጉ ላይ የሚጽፈው «እናቱ አባቱ እገሌ ነው አለች» ብሎ ነው፤ «አባቱ እገሌ ነው» አይልም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለዚያች ሴት የሚሰጥ ክብርም ነው፤ ቃሉ የእርሷ እንጂ የመዝገቡ አይደለምና።

ሌላው ጉዳይ ዳግም አጥማቂዎች ይባሉ የነበሩት አናባፕቲስቶች ናቸው። ሕፃናትን ስለማያጠምቁ ከጥምቀት መዝገብ ይጠፋሉ፤ ዙሪክ በ1526 የጥምቀት መዝገብ እንዲያዝ ያዘዘችበት አንዱ ምክንያትም እነርሱን ለመለየት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጥር 5 ቀን ከመሪዎቻቸው አንዱ የነበረው ፌሊክስ ማንዝ በዚያው ከተማ በሊማት ወንዝ ሰጥሞ እንዲሞት ተደረገ። የእነዚህ ቤተሰቦች ዘር ቅድመ አያቱን የሚያገኘው በአሳዳጆቹ ጽሕፈት ውስጥ ነው፤ በዚያም «እምቢተኛ» የሚለው ቃል በእምነት መጽናትን እየሸፈነ ይነበባል።

ሥራውን የሚጀምር ሰው አስቀድሞ የቤተሰቡን ሃይማቶርት ማወቅ አለበት፤ ከዚያ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቡን፣ ቀጥሎም የዚያኑ ደብር የችሎት መዝገብ ይፈልጋል። በጀርመንኛ ተናጋሪው ክፍል ጽሕፈቱ ኩረንት የሚባለው የድሮ የእጅ ጽሕፈት በመሆኑ ለመልመድ ወራት ይወስዳል። የጄኔቫው ደግሞ ጥድፊያ የበዛበት ስለሆነ፣ በሮበርት ኪንግደን የሚመራ የሊቃውንት ቡድን የካልቪንን ዘመን መዝገቦች ገልብጦ ማሳተም የጀመረው በ1996 ነው። የቀን አቆጣጠርም ያሳስታል፦ ዙሪክ፣ በርንና ጄኔቫ አዲሱን የግሪጎርዮስ አቆጣጠር የተቀበሉት በ1701 ሲሆን የካቶሊክ ካንቶኖች አብዛኞቹ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመዋቸዋል። በዚያ ዘመን በሁለት ካንቶኖች የተጻፈ አንድ ቀን አሥር ቀን ይራራቃል።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በ18ኛው ምዕራፍ የአባት በደል ለልጅ እንደማይተርፍ ይሟገታል። ዘሩን በመዝገብ የሚያገኝ ሰው ግን አያቱ ሰካራም ተብሎ ሲያነብ ያፍራል፣ ወይም ታሪኩን ይደብቃል። እዚህ ላይ የመዝገቡን ዓላማ ማስታወስ ያሻል። የጄኔቫው ኮንሲስትዋር ሥጋን የመቅጣት ሥልጣን አልነበረውም፤ ይገሥጻል፣ ከጌታ እራት ያግዳል፣ ከባዱን ጉዳይ ወደ ከተማው ምክር ቤት ይልካል። እገዳውም ሰውየው እስኪመለስ የሚቆይ ነበር። የታገደው ሰው ተመልሶ ይቀርባል፣ ይጸጸታል፣ ይቅር ይባላል፤ ያም ይጻፋል። ክሱን ገልብጦ ምሕረቱን ያልፈለገ ተመራማሪ ዳኞቹ ራሳቸው የዘጉትን ጉዳይ ዳግም ይከፍታል።

ምሕረቱ ከክሱ ርቆ፣ አንዳንዴ ወራት ወይም ዓመታት አልፈው ይገኛል። በጄኔቫ የጌታ እራት በዓመት አራት ጊዜ፣ በገና፣ በፋሲካ፣ በጰራቅሊጦስና በመስከረም መጀመሪያ ይከበር ስለ ነበር፣ ወደ ማዕዱ ለመመለስ የሚለምኑ ሰዎች የሚበዙት ከእነዚህ በዓላት በፊት ባሉት ሐሙሶች ነው። የአያቱን ስም አንድ ጊዜ በክስ ያገኘ ሰው በእነዚያ ሳምንታት ገጾች ላይ ያንኑ ስም ሁለተኛ ጊዜ ይፈልገው።